የአዲስ አበባ አውቶቡስ ፌርማታዎች፦ ሼልተሩ አምሯል፣ መረጃው ግን የታለ?

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ ሪቪው ማደርገው ምግብ ቤትም አዲስ ስልክም አይደለም፣ ፌርማታ ነው። አውቶቡሱን ራሱን አይደለም፣ ሹፌሩንም ትኬት ቆራጩንም አይደለም፣ ቆመን ምንጠብቅበትን ቦታ ነው፣ እሱንም ቢሆን ወንበሩንና ጣራውን ብቻ ሳይሆን አንድ ሰው እዛ ቆሞ ስለሚሳፈርበት መኪና ምን ማወቅ ይችላል የሚለውን ነው። ስለ አውቶቡስ ቁጥር ማነስ ሁሉም ያወራል፣ ልክም ነው፣ ግን ያሉት አውቶቡሶች እራሱ የት እንደሚቆሙ፣ ወዴት እንደሚሄዱ፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሰሩ ባለማወቅ ብቻ ስንት ሰው ይንከራተታል፣ ይሄ ግን ብዙም አይወራም።

መለኪያዬ አንድ ናት። እዛ ሰፈር ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ ትናንት ከክፍለ ሀገር የገባ በሉት፣ ማንንም ሳይጠይቅ ትክክለኛው አውቶቡስ ላይ መውጣት ከቻለ ፌርማታው አለፈ። ካልቻለ ወደቀ፣ ምንም ያህል ቢያምር።

በቅድሚያ ያማረውን ላውራ። የኮሪደር ልማቱ ያለፈባቸው መንገዶች ላይ፣ ከ4 ኪሎ ወደ መገናኛ ባለው፣ በቦሌ መስመር፣ በሲኤምሲ በኩል፣ ፌርማታው ከድሮው ጋር አይወዳደርም። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ማታ መብራት አለ፣ አውቶቡስና ታክሲ ገባ ብለው የሚቆሙበት ቦታ ተለይቷል፣ መቀመጫ አለ። ድሮ ክረምት ላይ ጭቃ ውስጥ ቆመን፣ መኪና ባለፈ ቁጥር የጎርፍ ውሃ እየረጨን የምንጠብቅባቸው ቦታዎች ዛሬ ንጹህ ሆነዋል፣ ይሄን ያሰበና የሰራ ሰው ምስጋና ይገባዋል፣ ከልቤ ነው። ለቦታው ከ5 ኮከብ 4 እሰጣለሁ። አንዷን የቀነስኩት ጣራው አንዳንድ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ነው፣ ሐምሌ ላይ ዝናቡ በጎን ሲመጣ አምስት ስድስት ሰው ብቻ ነው የሚያስጠልለው፣ ሌላው ሰልፍ ላይ ይበሰብሳል።

ወደ መረጃው ስመጣ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ፌርማታዎች ላይ ያለው ምልክት የአውቶቡስ ስዕል ያለበት ሰሌዳ ነው፣ አለቀ። እዚህ አውቶቡስ ይቆማል ይላል። የትኛው አውቶቡስ? ወዴት የሚሄደው? የፌርማታው ስምስ ማን ነው? በየስንት ደቂቃው ነው የሚመጣው? የመጨረሻው ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያልፈው? አንዱም የለም።

ታዲያ ህዝቡ በምን ያውቃል ካላችሁ፣ በሰልፉ ነው። የአዲስ አበባ ፌርማታ መረጃ ሰሌዳ ላይ አይደለም ሰው ላይ ነው ያለው። ባለፈው ሳምንት አንድ ትልቅ ፌርማታ ላይ ቆሜ ዝም ብዬ ሳዳምጥ ነበር። ሦስት ሰልፍ ጎን ለጎን አለ፣ ሦስቱም ረጅም ናቸው፣ ሦስቱም መጨረሻቸው እግረኛው መንገድ ላይ ተጣጥፎ አንዱ ከአንዱ ጋር ተደባልቋል። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር የመጀመሪያው ንግግር አንድ አይነት ነው፣ "ይቅርታ፣ ይሄ የየት ሰልፍ ነው?" የተጠየቀው ሰው ደሞ ከሱ በፊት ያለውን ይጠይቃል፣ ምክንያቱም እሱም የቆመው ጠይቆ ነው። አንዲት እናት ልጅ አዝለው፣ በአንድ እጃቸው ዘንቢል ይዘው መጡ፣ "የኔ ልጅ፣ የጀሞው ይሄ ነው?" አሉ፣ ፊት ለፊታቸው ያለችው ልጅ ጆሮዋ ላይ ኢርፎን አድርጋለች አልሰማቻቸውም፣ ቀጥሎ ያለው ሰውዬ "እማማ እሱ እንኳን የአየር ጤናው ነው፣ የጀሞው ያኛው ነው መሰለኝ" አላቸው፣ ሄዱ፣ ያኛው ሰልፍ ላይ ቆሙ፣ ትንሽ ቆይተው ተመልሰው መጡ፣ ያኛው የሀይገር ሰልፍ ነው ብለዋቸው ነው። ሰውዬው አልዋሸም፣ መሰለኝ ነው ያለው፣ እሱም በግምት ነው የቆመው። በመሃል እሳቸው የነበራቸውን ተራ አጡ፣ ከኋላቸው የመጣ ሰው ሁሉ ቀደማቸው። ፀሐይ ላይ፣ ልጅ አዝለው። ለዚህ መፍትሔው ቢሊዮን ብር አይፈልግም፣ መሬት ላይ በቀለም የተጻፈ "ጀሞ" የሚል ቃልና ሰልፉ የሚጀምርበት መስመር ነው የሚፈልገው።

እዛው ፌርማታ ላይ አንድ ምሰሶ ላይ የሆነ ሰው በማርከር ቀስት አድርጎ የሰፈር ስም ጽፎበታል። ጽሁፉ ፀሐይ በልቶት ደብዝዟል ግን ይነበባል፣ እና በአካባቢው ካለው ምልክት ሁሉ ለተሳፋሪ የጠቀመው እሱ ነው። እንደዛ የጻፈው ሰው በየቀኑ ሲጠየቅ የሚውል ሊስትሮ ወይ ሱቅ በደረቴ ይሆናል ብዬ አስባለሁ። እነዚህ ሰዎች የከተማው ኢንፎርሜሽን ዴስክ ናቸው እኮ፣ ስራቸውን እየሰሩ ስንቱን መንገድ ያሳያሉ።

ፌርማታ ሲቀየር ደሞ ችግሩ ይብሳል። መንገድ ሲሰራ ፌርማታ ይነሳል ይሄ ያለ ነው፣ ማንም አይቃወምም። የኔ ጥያቄ አሮጌው ቦታ ላይ ለምን ምንም አይለጠፍም ነው። አንድ ሰፈር፣ ስሙን አልጠራም፣ እንደለመድኩት ጠዋት ሄጄ ቆምኩ፣ ሌሎችም ቆመዋል፣ አውቶቡሱ መጣ፣ አልፎን ሄደ። ሌላው መጣ አለፈ። ሰው እጁን እያወዛወዘ እየሮጠ ነው። በኋላ አንድ የጥበቃ ሰራተኛ ከግቢ ወጥቶ "ወደ ታች ወርዷል፣ ከድልድዩ ወዲያ ነው" አለን። የተቀየረው ከትናንት በስቲያ ነው። እዛ ምሰሶ ላይ አንድ ኤ4 ወረቀት በላስቲክ ተሸፍኖ "ይህ ፌርማታ ወደ ድልድዩ ማዶ ተዛውሯል" ተብሎ ቢለጠፍ ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ስራ አይረፍድበትም ነበር። ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ወጥቶ ሊሆን ይችላል፣ ግን ማስታወቂያው መገኘት ያለበት ሰው የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው። ፌርማታ የሚያነሳ አካል ሁሉ፣ ማንም ይሁን፣ ሰሌዳውን ከመንቀሉ በፊት ወረቀቷን መለጠፍ የስራው አንድ አካል ተደርጎ ቢቆጠርለት ይሄ ችግር ያልቃል።

እዚህ ጋር ለሚኒባስ ታክሲዎች ክሬዲት መስጠት አለብኝ። ታክሲ ላይ ያለው ታፔላ ቀላል ነገር ይመስላል ግን የትራንስፖርት መረጃ ምን መምሰል እንዳለበት በደንብ ያሳያል። መነሻ፣ መድረሻ፣ አንዳንዴም በየት በኩል እንደሚሄድ፣ በትልቁ፣ በአማርኛ፣ ከሩቅ የሚታይ። ላይ ታፔላው አለ፣ በር ላይ ረዳቱ "ፒያሳ በ4 ኪሎ! ፒያሳ በ4 ኪሎ!" እያለ ይጮሃል። ልብ በሉ፣ "በ4 ኪሎ" የምትለዋ ቃል ወሳኝ ናት፣ ምክንያቱም ወደ አንድ ቦታ የሚሄዱ ሁለት መኪኖች መንገዳቸው የተለያየ ነው፣ መሃል ላይ መውረድ የምትፈልግ ሰው ከሆንክ መድረሻውን ማወቅ ብቻ አይበቃህም። የማያነብ ሰው ድምጹን ይሰማል፣ የማይሰማ ሰው ታፔላውን ያያል። ተራ አስከባሪው ደሞ የትኛው ሰልፍ የየት እንደሆነ ያውቃል፣ ስንት መኪና እንደቀረ ያውቃል። ይሄ ሁሉ መረጃ ያለው ግን መኪናው ላይና ሰው አፍ ላይ ነው። መኪናው ሲሄድ መረጃውም አብሮ ይሄዳል፣ ባዶ ፌርማታ ላይ የቆመ ሰው ምንም አይቀርለትም። የአውቶቡስ ፌርማታ ሰሌዳ ማለት በቃ የማይሄድ ታፔላ ማለት ነው፣ እሱን ነው የምንፈልገው።

የአውቶቡስ ቁጥርን በተመለከተ፣ አንበሳ አውቶቡስ ከ1930ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ቁጥሮቹ ትልልቆቹ ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ተቀርጸዋል። አባቴን ብትጠይቁት የስንት ቁጥር አውቶቡስ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያድር በቃሉ ይነግራችኋል፣ ተማሪ እያለ የተሳፈረበትን ሁሉ። ግን ያ እውቀት ከተማዋ ትንሽ እያለች የተያዘ እውቀት ነው። ዛሬ ሰው የሚኖረው ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ፣ አያት ጫፍ ነው፣ ኮንዶሚኒየሙ ሲገባ አዲስ መስመር ይከፈታል፣ መስመር ይቀየራል፣ ሸገር መጣ ሌላ ቀለም ሌላ አውቶቡስ ሆነ፣ ከዛ አንበሳና ሸገር አንድ ድርጅት ስር ገቡ። የፐብሊክ ሰርቪሱ አለ፣ ሀይገሩ አለ፣ ቅጥቅጡ አለ። በቃል ይዞ መጓዝ የሚቻልበት ጊዜ አልፏል። ከአንድ ሰፈር ውጪ የማያውቅ ሰው ቁጥር በጣም ብዙ ነው፣ እሱ ደሞ ጥፋቱ አይደለም፣ ከተማዋ ሰፍታለች። ቁጥሩ ፌርማታው ላይ ካልተጻፈ ቁጥር መኖሩ ራሱ ጥቅሙ ለነባሩ ሰው ብቻ ይሆናል።

አሁን ብዙ ሰው "እንግዲህ ስክሪን ይተከል" ይላል። እኔም ስክሪን እወዳለሁ፣ ግን ቅደም ተከተሉ ላይ አልስማማም። ለንደንን እንይ፣ በዚህ ጉዳይ ከሁሉም ቀድመው ከሰሩት ውስጥ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1992 ነው 18 ቁጥር መስመር ላይ አውቶቡሱ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ የሚናገር ስክሪን የሞከሩት። ይሄ ሁሉ ዓመት አልፎ ዛሬ 19,000 ገደማ ፌርማታ አላቸው፣ ስክሪን ያለው ግን 2,500 ገደማው ላይ ብቻ ነው። ሌላውስ? ሌላው ላይ ሰሌዳ አለ። የፌርማታው ስም፣ አናቱ ላይ ትልቅ ፊደል፣ መንታ ፌርማታዎችን የሚለይ፣ የሚቆሙት አውቶቡሶች ቁጥር፣ ወዴት አቅጣጫ እንደሚሄዱ፣ የሰዓት ወረቀት በመስታወት ውስጥ፣ እና ባለ 5 አሃዝ ኮድ፣ እሱን በስልክ ስታስገባ የሚመጣውን አውቶቡስ ይነግርሃል። ያን ያህል ገንዘብ ያለው ከተማ እንኳን አብዛኛውን ስራ የሚያሰራው በብረትና በወረቀት ነው። እኛ ጋር ደሞ መብራት የሚጠፋ፣ አቧራ ያለ፣ የቀትር ፀሐዩ ስክሪን የማያስነብብ፣ ስክሪኑ በተበላሸ ማግስት ማን ይጠግነዋል የሚለው ያልታወቀ። የጠፋ ስክሪን ከባዶ ግድግዳ ይብሳል፣ ሰው አይቶት ይናደዳል። እንደ ቦስተን በሶላር የሚሰራ፣ ወረቀት የሚመስል ኢ-ኢንክ ስክሪን ቢሆን ፀሐይ ላይም ይነበባል ኤሌክትሪክም ብዙ አይበላም፣ እሱ ያስኬዳል፣ እንደ መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ ፒያሳ ያሉ ትልልቅ ቦታዎች ላይ። ግን ቀድሞ ሰሌዳው።

ስክሪን ካነሳን አይቀር የፊደሉን ነገር ልናገር፣ ይሄ በጣም ነው የሚያሳስበኝ። አውቶቡሶች ግንባር ላይ ያለውን በነጥብ በነጥብ የሚጽፈውን የኤልኢዲ ሰሌዳ አይታችሁታል? ለላቲን ፊደል ቁመቱ 7 ነጥብ ቢሆን ይነበባል፣ ለዛ ነው የተሰራው። የኛ ፊደል ግን 33 ዘር በ7 ነው፣ 231 ቅርጽ፣ የ"ቀ" እና የ"ቁ"፣ የ"ሰ" እና የ"ስ" ልዩነቷ ጎን ላይ፣ እግር ላይ ወይ አናት ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ናት። በ7 ነጥብ ያቺ ጭረት ትጠፋለች፣ ስለዚህ ቁመቱ ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት። ይባስ ብሎ ጽሁፉ እየተንሸራተተ ነው የሚያልፈው፣ መኪናው እየቀረበ ነው፣ ጽሁፉ "...ወደ..." ላይ ደርሷል፣ አንብበህ ሳትጨርስ በሩ ተዘግቷል። ቁጥሩም መድረሻውም ሳይንቀሳቀስ ቆሞ መታየት አለበት፣ ሌላው ቢቀር ቁጥሩ። አስመጪዎች አውቶቡስ ሲያዙ ይሄን አንድ መስመር ውሉ ላይ ቢያስገቡ ምንም አይከብድም። ስልክና ኮምፒውተር ላይ እኮ የኛ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ኮምፒውተር ላይ የሚጻፉበት የጋራ መስፈርት) ውስጥ አለ፣ ቴክኖሎጂው አልፈቀደም የሚባልበት ዘመን አልፏል።

ሌላው የሰዓት ነገር ነው። ይሄን ከውጭ የተገዛ ሲስተም መቼም አያስብልንም። ስልክህ ላይ ያለው ማፕ አውቶቡሱ 7:30 ይነሳል ይልሃል፣ ለኛ ሰው 7:30 ማለት ከምሳ በኋላ ነው። እሱ ለማለት የፈለገው ጠዋት 1:30 ነው። ልጆቹ ቶሎ ይገባቸዋል፣ ስልካቸውም እንደዛ ነው የሚያሳየው፣ ግን ከገበያ የሚመለሱ እናትና ለህክምና ከገጠር የመጡ አባት ግራ ይጋባሉ። ሲስተሙ ውስጥ በ24 ሰዓት ይቀመጥ፣ ለሰው ሲታይ 6 ሰዓት ቀንሶ በ12 ሰዓት አቆጣጠር ማሳየት ብቻ ነው፣ ፕሮግራመር ለሆነ ሰው ቀላል ስራ ነው። ሰሌዳው ላይ ደሞ "ጠዋት 12:00" "ማታ 2:00" ተብሎ ጠዋትና ማታው በቃል ይጻፍ፣ የውጭ እንግዳም ስላለ ከጎኑ በትንሹ በነሱ ይጻፍለት። ስክሪን ከሆነ ደሞ ሰዓት መጻፍ እራሱ አያስፈልግም፣ "በ6 ደቂቃ" ካለ ሁሉም ይገባዋል፣ የየትኛውም ሀገር አቆጣጠር ያለው ሰው።

እውነቱን ለመናገር ደቂቃ በደቂቃ የተሞላ የሰዓት ሰንጠረዥ ለአዲስ አበባ አይሰራም። ጠዋት ከመገናኛ የሚነሳ አውቶቡስ ትራፊኩ ላይ ነው የሚወሰነው፣ 1:17 ይደርሳል ብሎ መጻፍ ሰውን ማታለል ነው። ለንደንም ቶሎ ቶሎ የሚመጡ መስመሮች ላይ "በየ8 እስከ 12 ደቂቃ" ብለው ነው የሚጽፉት። ለኛም የሚሆነው እሱ ነው፣ የመጀመሪያው ስንት ሰዓት፣ የመጨረሻው ስንት ሰዓት፣ በመሃል በግምት በየስንት ደቂቃው። "በየ30 ደቂቃው" የሚል ካየሁ እና ቸኩዬ ከሆነ ታክሲ እይዛለሁ፣ ካልቸኮልኩ እጠብቃለሁ። ሰው ከመጠበቁ በላይ የሚያደክመው መቼ እንደሚያልቅ ሳያውቅ መጠበቁ ነው። ሲያትል ከተማ ውስጥ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው ዋንባስአዌይ የሚባል አፕ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ፣ እና በ2011 የወጣ ጥናት አውቶቡሱ የት እንደደረሰ የሚያዩ ሰዎች ጥበቃው አጭር እንደሚመስላቸው፣ ከዛም አልፎ በትክክልም ፌርማታ ላይ የሚቆሙበት ጊዜ እንደሚያንስ አሳይቷል፣ ቤታቸው ሆነው ሰዓቱን አይተው ነው የሚወጡት። አውቶቡስ ሳይጨመር ማለት ነው።

አፕ ስል፣ እኛም ጋር የተሞከሩ አሉ። አንዱን፣ ስሙን አልጠራም፣ ስልኬ ላይ ጭኜ ነበር። ካርታው ያምራል፣ አማርኛው ጥሩ ነው። ግን አውቶቡሱ ከፊቴ ቆሟል እያለኝ መንገዱ ባዶ ነው። ጂፒኤሱ መረጃ መላክ ያቆመው ከስንት ሰዓት በፊት እንደሆነ አይናገርም፣ የድሮውን ቦታ እንደ አሁን አድርጎ ያሳያል። እንደዚህ አይነት አፕ ለሚሰሩ ልጆች፣ በርቱ፣ ስራችሁ ያስፈልገናል፣ ግን እባካችሁ "መጨረሻ የታየው ከ40 ደቂቃ በፊት" የሚል ጽሁፍ ጨምሩበት፣ ሰው እሱን አይቶ ራሱ ይወስናል። ዳታ የሌለውም ሰው ብዙ ነው፣ የፌርማታውን ኮድ በአጭር ቁጥር ኤስኤምኤስ ልኮ መልስ ማግኘት ቢቻል በተራ ስልክም ይሰራል።

ዳታውን ከየት እናመጣለን ለሚል ደሞ ጎረቤታችን ናይሮቢ መልስ አላት። እዛ ማታቱ ነው ያለው፣ ልክ እንደኛ ሚኒባስ፣ መስመሩ የትም አልተመዘገበም ነበር። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆነው ስልክ ይዘው ማታቱ ላይ እየተሳፈሩ እያንዳንዱን ፌርማታ መዘገቡ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወረቀት ካርታ አወጡ፣ ልክ የባቡር ካርታ የሚመስል፣ ባለቀለም፣ ከዛ መረጃው ጎግል ማፕ ውስጥ ገባ። ተማሪና ስልክ ነው የፈለገው። ኦፕን ስትሪት ማፕ በሚባለው፣ ማንም ሰው መረጃ ሊጨምርበት በሚችለው የኢንተርኔት ካርታ ላይ የአዲስ አበባን የአውቶቡስ መስመሮች የመዘገቡ በጎ ፈቃደኞች እኛም ጋር አሉ፣ ተነስተን ከዜሮ አንጀምርም። የኛ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ይሄን ቢሰሩት፣ ፌርማታዎቹን ቆጥረው ስም ሰጥተው ፎቶ አንስተው ቢመዘግቡ፣ ከዛ በኋላ ሰሌዳ ማተም ይቀላል። ፌርማታዎቹ ስም ከሌላቸው እኮ ምንም ሲስተም አይሰራም። አንዱ "ቶታሉ ጋር" ይላል፣ ሌላው "ቤተክርስቲያኑ ጋር"፣ ሁለቱም ያው ቦታ ነው። ሰው የሚጠራበትን ስም ወስዶ በቋሚነት መጻፍ ነው፣ ከቢሮ አዲስ ስም ማምጣት አያስፈልግም፣ ሰፈሩ ስሙን ያውቃል።

እኔ የማስበውን ሰሌዳ ልግለጽላችሁ። ከላይ የፌርማታው ስም፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በእንግሊዝኛ፣ መንገድ ማዶ ሆኖ በሚነበብ መጠን። ከስሩ "ወደ መገናኛ አቅጣጫ" የሚል፣ ምክንያቱም ማዶ ያለው ፌርማታ ስሙ ያው ነው አቅጣጫው ነው የሚለየው፣ ስንት ሰው ነው በተቃራኒው ተሳፍሮ ብሩንም ጊዜውንም የሚያጠፋው። ከዛ ለእያንዳንዱ አውቶቡስ አንድ መስመር፣ ቁጥሩ በትልቁ፣ መድረሻው፣ "በ" ብሎ የሚያልፍባቸው ሦስት አራት ዋና ቦታዎች፣ የመጀመሪያና የመጨረሻ ሰዓት። ታች ላይ የፌርማታው ኮድ፣ ኪውአር፣ አቤቱታ መቀበያ ስልክ፣ እና ሰሌዳው የታደሰበት ቀን። ቀኑን አትርሱት፣ ሰው ወረቀቱ የዘንድሮ ይሁን የካቻምና በምን ያውቃል። ቁመቱ በቆመ ሰው ዓይን ልክ፣ በዊልቸር ያለም እንዲያነበው የሚያስፈልገው ክፍል ዝቅ ብሎ። ማተሚያ ቤት ወስዳችሁ ዋጋ ብትጠይቁ አንድ ሰሌዳ ከአንድ ሼልተር መስታወት ይረክሳል ብዬ እርግጠኛ ሆኜ እናገራለሁ።

ማንበብ የማይችል ሰውስ? ለሱ ቀለም ይረዳል። ባቡሩ ላይ አይተነዋል፣ ከአያት ጦር ሃይሎች ያለው አረንጓዴ፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚሄደው ሰማያዊ ተብሎ በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር ቀለሙን ሰው ቶሎ ነው የያዘው። ለዋና ዋናዎቹ የአውቶቡስ መስመሮችም ቀለም ቢሰጥ፣ ፌርማታው ላይም አውቶቡሱ ግንባር ላይም ያው ቀለም ቢሆን። ዓይነ ስውር ለሆነ ተሳፋሪ ደሞ ድምጽ ያስፈልጋል፣ ታክሲ ላይ ረዳቱ አለለት፣ አውቶቡስ ላይ ግን ዝም ያለ መኪና መጥቶ ይቆማል፣ የስንት ቁጥር እንደሆነ ካልነገሩት አያውቅም። በሩ ሲከፈት ቁጥሩንና መድረሻውን የሚናገር ድምጽ ማጉያ ያላቸው ከተሞች አሉ፣ እኛ ጋር እሱ እስኪመጣ ትኬት ቆራጩ በመስኮት አንዴ ጮክ ብሎ ቢናገር በቂ ነው፣ የሚያደርጉትም አሉ፣ እግዜር ይስጣቸው።

ኮከቡን ልስጥ እንግዲህ። ለቦታው 4 ብያለሁ። ለሰሌዳው 1፣ እሷም ቢያንስ አውቶቡስ እዚህ ይቆማል ስለሚል። ፌርማታ ሲቀየር ለሚሰጠው ማስታወቂያ ምንም። ለህዝቡ፣ ሲጠየቅ የማይሰለቸው፣ ራሱ ሰልፍ ላይ ሆኖ ሌላውን ለሚመራው፣ 5 ከ5።

ነገ አንድ ነገር ብቻ ይሰራ ቢባል እኔ ምመርጠው የመጨረሻው አውቶቡስ ሰዓት እንዲጻፍ ነው። ከሁሉም ያስቀደምኩት ምክንያት አለኝ። ማታ የሚጎዳው ከስራ ዘግይቶ የሚወጣው ሰው ነው፣ አስተናጋጇ፣ የጽዳት ሰራተኛዋ፣ የማታ ተማሪው፣ ካሸሯ። 2 ሰዓት ተኩል ላይ ፌርማታ ላይ ቆማ አንድ ይቀር ይሆን ወይስ አልቋል እያለች ትጠብቃለች፣ ታክሲው እየሳሳ ነው፣ ሰልፉ እየተበተነ ነው። በመጨረሻ ሦስት አራት ሆነው ኮንትራት ይይዛሉ፣ ሰው ካልተገኘ ብቻዋን ትከፍላለች፣ የቀኑን ገቢዋን ግማሽ፣ ወይ በእግሯ ጨለማ ውስጥ ትሄዳለች። የመጨረሻው 2:15 ላይ ያልፋል የሚል ጽሁፍ ቢኖር 2:10 ላይ አለቃዋን አስፈቅዳ ትወጣለች፣ ወይ ደርሳ ስታየው ወዲያው ሰው እያለ ታክሲ ትይዛለች። የስምሪት ክፍሉ ይሄን ሰዓት ያውቀዋል፣ አውቶቡሶቹ ስንት ሰዓት ወደ ዴፖ እንደሚገቡ ተጽፎ ያለ ነው፣ አዲስ ጥናት አያስፈልገውም፣ ያንን ቁጥር ከቢሮው ወረቀት ላይ ገልብጦ ምሰሶው ላይ መለጠፍ ብቻ ነው የቀረው፣ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ከሚሄዱት ቢጀመር ደሞ ይሻላል፣ ሩቅ ስለሆኑ።